ገመናን መክደን፦ የሠራተኛ እናት ቤትና የእጅ ስልክ



አማርኛችን «ገመና» የሚባል ቃል አለው። ገመና ማለት የቤተ ሰብ ሰዎች ብቻ የሚያውቁት፣ ወደ ውጭ ቢወጣ ግን የሚያሳፍር ወይም የሚጎዳ ነገር ማለት ነው። የግድ በደል አይደለም። ደመወዝ ሳይደርስ የዱቄቱ ዕቃ መጉደሉ፣ የባልና የሚስት ቅያሜ፣ የአያት መጃጀት፣ የልጅ ሕመም፣ ይህ ሁሉ ገመና ነው። «ገመናዬን ከደነልኝ» ብሎ ሰው ሰውን ሲያመሰግን፣ ከገንዘብ የሚበልጥ ውለታ እንደ ተዋለለት መመስከሩ ነው። ኦሪት ዘፍጥረትም በምዕራፍ 9 ሁለቱ የኖኅ ልጆች የአባታቸውን ዕርቃን ላለማየት ፊታቸውን አዙረው፣ ወደ ኋላ እየሄዱ እንደ ሸፈኑት ይተርካል። የሸፈኑት ተመረቁ፤ አይቶ ለሌላው ያወራው ግን ከምርቃቱ አልተካፈለም።

እንግዲህ በዚህ ትምህርት የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ በእጃችን የያዝነው ስልክ ሁለተኛ የቤት በር በሆነበት በዚህ ዘመን ገመናን መክደን እንዴት ይቻላል? ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ በገዛ ቤታችን ከደረሰው ነገር የተነሣ ነው።

የአንድ ቀን ውሎ

በደሴ ከተማ በሰኞ ገበያ የምንኖር ሠራተኞች እናቶች ቀናችን የሚጀምረው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። የጦሳ ብርድ ገና ሳይለቅ እሳት እንለኩሳለን፤ ቁርስ እናቀርባለን፤ የልጆቹን ምሳ ዕቃ እንሞላለን፤ የጠፋ ካልሲ እንፈልጋለን። ከዚያም ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝተን፣ በሚኒባስ የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት ወርደን ኮምቦልቻ ሥራችን ላይ እንገኛለን። ማታ ያንኑ መንገድ ሽቅብ እንመለሳለን። ቤት ስንደርስ እራት፣ የልጆች የቤት ሥራ፣ የነገው ሊጥ ይጠብቀናል። ከሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው 25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ለእናት ብቸኛው የተቀመጠችበት ሰዓት ነው፤ ስልኳን የምትከፍተውም ያን ጊዜ ነው።

ስልክን የምናወግዝ አይደለንም። ከሥራ ቦታ ሆነን «በልታችኋል ወይ?» የምንለው በእርሱ ነው። የትምህርት ቤት ማስታወቂያ የሚደርሰን፣ የቅሬ መዋጮ የምንልከው፣ በዐረብ አገር ያለች እኅታችንን የምናየው በእርሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቅምት ወር ጦርነቱ ወደ ደሴና ወደ ኮምቦልቻ በገባ ጊዜ፣ ቤተ ሰብ ከቤተ ሰብ ተለያይቶ፣ የአንዲት አጭር ጥሪ ድምፅ ምን ያህል ውድ እንደ ነበረች የምንረሳው አይደለም። ስለዚህ የምንመረምረው የስልክን ክፋት ሳይሆን የእኛን አጠቃቀም ነው።

በቤታችን የደረሰው

ከልጆቻችን አንዱ ሌሊት ሌሊት አልጋው ላይ ሽንቱ ያመልጠው ነበር። ጤና ጣቢያ ልንወስደው አስበን፣ ከሥራ ፈቃድ ለመጠየቅ ዛሬ ነገ ስንል ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጠዋት በሚኒባስ ውስጥ ሳለን፣ እናቶች ስለ ልጅ አስተዳደግ በሚመካከሩበት አንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ የልጁን ስምና ዕድሜ ጠቅሰን፣ ችግሩን ዘርዝረን ምክር ጠየቅን። በስማችን አጠገብ የሚታየው ፎቶግራፍ ደግሞ ልጁን አቅፈን የተነሣነው ነበር። ሐረጎን ወርደን ሳንጨርስ ብዙ መልስ መጣ። አብዛኛው ደግ መልስ ነበር፤ እኛም ደስ ብሎን ወደ ሥራችን ገባን።

በአራተኛው ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት ተመልሶ ደብተሩን ጣለና ብርድ ልብስ ተከናንቦ ተኛ። በማግሥቱ ትምህርት ቤት አልሄድም አለ። ሲለመን፣ ሲቆጡት ቆይቶ በመጨረሻ እያለቀሰ፦ «እማዬ፣ ለሰው ለምን ነገርሽብኝ? እኔ ለማንም አልተናገርኩም ነበር» አለን። በቡድኑ ውስጥ ከነበሩት እናቶች የአንዷ ልጅ መልእክቱን በእናቷ ስልክ ላይ አይታ፣ ፎቶ አንሥታ ለጓደኞቿ ልካው ኖሯል። የመማሪያ ክፍሉ ሁሉ ሰምቷል። መልእክቱን ያን ምሽት አጠፋነው፤ ነገር ግን ያጠፋነው የእኛን ብቻ ነበር።

ምን እንደምናደርግ ጨንቆን ሳለ ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አረጋዊት ሙስሊም እናት ለቡና መጡ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ ለጥቂት ጊዜ ዝም አሉና፦ «ልጄ፣ መጀመሪያ ልጁን ይቅርታ ጠይቂው። የልጅ ገመና የእናቱ ገንዘብ አይደለም፤ እስኪያድግ ድረስ የተሰጣት አደራ ነው» አሉን። እኛም እንዳሉት አደረግን። ልጅን ይቅርታ መጠየቅ አልለመድንምና አፋችን ተሳሰረ፤ ቢሆንም ጠየቅን። ከዚያም የክፍሉን አስተማሪ ለብቻቸው አነጋገርን፤ ጤና ጣቢያም ወሰድነው። ይህ ነገር ከ5 ዓመት በላይ በሆኑ ብዙ ሕፃናት ላይ የሚታይ መሆኑን፣ ከስንፍና ወይም ከጥጋብ የሚመጣ አለመሆኑን፣ አብዛኛዎቹም በዕድሜ እንደሚተዉት፣ ቁጣና ማሳፈር ግን እንደሚያባብሰው ተረዳን። ልጁ ከሳምንት በኋላ ወደ ትምህርቱ ተመለሰ። ሆኖም እስከ ዛሬ ድረስ ስልክ ስናነሣ «ምን እየጻፍሽ ነው?» ይለናል።

ይህን ጽሑፍ ከመጻፋችን በፊት ልጁን አስፈቅደናል። «ለሌሎች እናቶች የሚጠቅም ከሆነ ጻፊው፤ ስሜና ክፍሌ ግን አይጻፍ» ብሎናል። የጸሐፊዋም ስም ያልተጻፈው ስለዚሁ ነው።

ጥፋቱ የት ላይ ነበር?

ምክር መጠየቃችን ጥፋት አልነበረም። እናት ብቻዋን ልጅ አታሳድግም። ይህንኑ ነገር በቡና ላይ፣ ከአቦል እስከ በረካ ባለው ጊዜ፣ ለሁለት ጎረቤቶቻችን ብናወራው ኖሮ ምክሩን ባገኘን ነበር። በቡና ላይ የተነገረ ነገርም ከግቢ አይወጣም ማለታችን አይደለም፤ ይወጣል፤ ብዙ ቤትም አውኳል። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፦ በቡና ላይ ዙሪያውን የተቀመጠው ሰው ይታያል። አዲስ ሰው ሲገባ ወሬው ይቆማል። ልጅ ሲመጣ ድምፅ ዝቅ ይላል። ነገር ቢወጣም ማን እንዳወጣው ይታወቃልና በሽማግሌ ይዳኛል፤ ውሎ አድሮም ይረሳል። በስልክ ቡድን ውስጥ ግን ማን ዙሪያውን እንደ ተቀመጠ አናይም። ጥፋታችን እንግዲህ መናገራችን ሳይሆን፣ የሚሰማንን ሳናይ፣ ባለቤቱንም ሳንጠይቅ መናገራችን ነው።

ስልክ የነገርን ጠባይ እንዴት ይለውጣል?

አንደኛ፣ የአድማጩ ብዛት ከምናስበው በላይ ነው። አንድ የቴሌግራም ቡድን እስከ 200,000 አባላት ሊይዝ ይችላል። ይህም ማለት ለጥቂት እናቶች የተናገርን ሲመስለን ለአንድ ትልቅ ከተማ ሕዝብ ልንናገር እንችላለን ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ነገሩ ይባዛል። የላክነውን ብናጠፋም ሌላው ሰው ያስተላለፈው ወይም ከስልኩ ገጽ ላይ ፎቶ ያነሣው ይቀራል። አባቶቻችን «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» ሲሉ የነገሩት ለዚህ ዘመን ይመስላል።

ሦስተኛ፣ ጥቃቅኑ ይገጣጠማል። አንድ ቀን የልጁን የልደት ቀን፣ ሌላ ቀን የደንብ ልብሱን ከትምህርት ቤቱ ዓርማ ጋር፣ ሌላ ቀን የቤታችንን በር እናሳያለን። እያንዳንዱ ለብቻው ምንም አይደለም። የሚሰበስብ ሰው ቢኖር ግን የልጁን ስም፣ ዕድሜ፣ ትምህርት ቤትና ሰፈር አንድ ላይ ያገኛል። «ልጅሽ ትምህርት ቤት ወድቆ ተጎድቷል፤ ለሕክምና ቶሎ ገንዘብ ላኪ» ብሎ ለሚደውል አታላይ ከዚህ የበለጠ ምን ያስፈልገዋል? በሥራ ላይ ያለች እናት ልጇን በዓይኗ አታየውምና ድንጋጤዋ ማመዛዘኗን ይቀድመዋል።

ሕግና ቤተ ክርስቲያን ምን ይላሉ?

ይህ ነገር የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የመብትም ጉዳይ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የሰውን ግላዊ ሕይወትና በደብዳቤ፣ በስልክ ወይም በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚያደርገውን ግንኙነት ያስከብራል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው፣ እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 16 ይህ መብት የሕፃንም ጭምር መሆኑን ይደነግጋል። በቅርቡም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ መሠረት የሰውን የግል መረጃ የሚሰበስብ ድርጅት ለምን እንደሚሰበስበው ማስታወቅ አለበት፤ ባለ መረጃውም የተያዘበትን ማወቅና ስሕተቱን ማሳረም ይችላል። ስለ ጤንነት የሚገልጽ መረጃ ደግሞ ከሌላው የበለጠ ጥበቃ ይደረግለታል።

እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕገ ቀኖናም በቀኖና 23 ማንም ሰው የሌላውን መልካም ስም እንዳያጎድፍ፣ ግላዊ ሕይወቱን የመጠበቅ መብቱንም እንዳይጥስ ያዛል። ይህ ቀኖና ሕፃኑን ከአዋቂው አይለይም።

ከመላካችን በፊት

በቤታችን ከደረሰው በኋላ አራት ጥያቄዎችን ለራሳችን አውጥተናል።

1. ይህ ነገር የማን ነው? የእኛ ከሆነ እንወስን፤ የልጁ ከሆነ ግን፣ መናገር የሚችል ልጅ ሁሉ መልስ አለውና እንጠይቀው።
2. ማን ይሰማዋል? የአድማጮቹን ስም መቁጠር ካልቻልን ገመና አንናገር።
3. ያለ ስምና ያለ ፎቶግራፍ መጠየቅ ይቻላል? ምክር ለማግኘት «አንድ ልጅ» ማለት ይበቃል።
4. ልጁ አድጎ ቢያነበው ያመሰግነናል ወይስ ያፍርብናል?

ከዚህም ጋር ጥቂት የጥንቃቄ ሥራዎች አሉ። የቴሌብርን ወይም የባንክን የሚስጥር ቁጥር፣ በአጭር መልእክት የሚመጣውንም የማረጋገጫ ቁጥር፣ ማንም ቢሆን ለሚጠይቅ አለመስጠት፤ በቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥራችንን ከማናውቀው ሰው መሰወርና ሁለተኛ የይለፍ ቃል ማኖር፤ ስለ ልጅ አደጋ ከማይታወቅ ቁጥር ሲደወል ስልኩን ዘግቶ፣ ቀድሞ በያዝነው ቁጥር ትምህርት ቤቱን መጠየቅ ነው። አባቶችም ይህን ለእናቶች ብቻ አትተዉት፤ በቤት ውስጥ በሚደረግ ምክክር ሁሉም የሚስማማበት ደንብ ይውጣ።

በቁምስናችን

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ይህ አደራ እናንተንም ይመለከታል። የመጀመሪያ ቁርባን የሚቀበሉ ሕፃናትን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለሁሉ ከማሳየት በፊት ወላጆችንም ልጆቹንም መጠየቅ ይገባል። የታመመ ሰው ጸሎት ሲደረግለት ስሙ በቂ ነው፤ የበሽታውን ዓይነት በቡድን መልእክት ውስጥ መዘርዘር አያስፈልግም። ከሁሉም ይልቅ ዱቄትና ዘይት ሲታደል፣ የተቀባዩን ፊት ከነከረጢቱ አንሥቶ ማሰራጨት ልናስብበት የሚገባ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. የተፈናቀሉ ብዙዎች በዚህ ሁኔታ ተነሥተዋል። ለረጅ ወገን ማስረጃ የሚያስፈልግ ከሆነ ፊርማና መዝገብ አለ። ረሀቡን አስታግሠን ገመናውን ከገለጥንበት፣ በአንድ እጃችን ሰጥተን በሌላው መንሣታችን ነው።

በመጨረሻም፣ ሠራተኞች እናቶች ሆይ፣ ይህን የጻፍነው በድካማችሁ ላይ ሌላ ሸክም ለመጨመር አይደለም። እንግዳ ሲመጣ መጋረጃ መጋረድን፣ ልጅ ሲመጣ ድምፅ ዝቅ ማድረግን ከእናቶቻችን ተምረናል። አዲስ ትምህርት አያስፈልገንም፤ ያንኑ ልማድ ወደ ስልኩ ማሻገር ይበቃናል። በሐረጎ መንገድ ላይ ስልካችንን በከፈትን ቁጥር፣ አጠገባችን ልጃችን ተቀምጦ የምንጽፈውን እንደሚያነብ እናስብ።

ለመወያያ

1. በአካባቢያችሁ ገመና የሚባሉት ነገሮች የትኞቹ ናቸው? ከመካከላቸው የልጁ ብቻ የሆኑት የትኞቹ ናቸው?
2. በቡና ላይ የሚደረግና በስልክ ቡድን የሚደረግ ምክክር በምን ይለያያሉ? እያንዳንዱ ምን ጥቅም፣ ምን አደጋ አለው?
3. ልጃችሁን ይቅርታ የጠየቃችሁበት ጊዜ አለ? ምን ውጤት አስገኘ?
4. በቁምስናችሁ እርዳታ ሲሰጥና የሕፃናት በዓል ሲከበር ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት ምን ደንብ ብታወጡ ይሻላል?