የከተማ በርና የመብራት ምሰሶ

ቦዔዝ የሩትን ነገር የፈጸመው በከተማው በር በተቀመጡት ሽማግሌዎች ፊት መኾኑን መጽሐፍ ይነግረናል። በቀድሞ ሰዎች ዘንድ በር ማለት መግቢያ ብቻ ሳይኾን መማከሪያና መፋረጃም ነበረ። የሐረር ጀጎል አምስቱ ጥንታዊ በሮች እስከ ዛሬ በየስማቸው ይጠራሉ። ቅጥር የሌላቸው የገጠር ከተሞች ግን በራቸው መንገዱ ነው፤ በዚያም መንገድ እንግዳውን መጀመሪያ የሚቀበለው የመብራት ምሰሶ፥ የረገበ ሽቦና በኹለት ምሰሶ መካከል የተሰቀለ ትራንስፎርመር ኾኗል።

ይህ ለዐይን አያምርም፤ ነገር ግን ያለ እርሱ መብራት የለምና ልንጠላው አይገባም። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት በተባለው ሥራ፥ በተመረጡ መንገዶች ዳር የነበረው ሽቦ ከመሬት በታች እንዲገባ ተደረገ። ሽቦን መቅበር ግን በምሰሶ ከመዘርጋት እጅግ የበለጠ ገንዘብ ስለሚጠይቅ፥ ትንሽ ከተማ ይህን እስኪያገኝ ድረስ በሩን እንዲያው ትቶ መቀመጥ የለበትም።

አንዳንድ ሰዎች ምሰሶውን ለመሸፈን ብለው ከሥሩ ባሕር ዛፍ ይተክላሉ። አሳባቸው መልካም ነው፤ ሥራው ግን ነፍስ ያጠፋል። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ይረዝማልና በጥቂት ዓመት ውስጥ ጫፉ ከሽቦው ይደርሳል። ወደ ትራንስፎርመሩ የሚገባው ሽቦ ብዙ ጊዜ 15 ሺሕ ወይም 33 ሺሕ ቮልት የሚሸከም ነው፤ ወደየቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ብቻ ነው። እርጥብ እንጨት ኤሌክትሪክን ያስተላልፋል፤ ስለዚህ ቅርንጫፉ ሽቦውን በነካ ጊዜ ግንዱን የያዘ ልጅ፥ ወይም ሊቆርጠው የወጣ ሰው ሊሞት ይችላል። ይህ ዛፍ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ ለእንጨት ምሰሶም የምንቆርጠው እርሱኑ ነውና፥ ሽቦ ተሸካሚውም ሽቦ በጣሹም አንድ ዛፍ መኾኑ ያስገርማል።

እንግዲህ ምሰሶውን መደበቅ ትተን ዐይንን ወደ ሌላ ወገን መምራት ይሻላል። ረጅሙ ዛፍ፥ ወይራም ኾነ ጽድ፥ ሽቦ በሌለበት በመንገዱ ማዶ ይተከል። በሽቦው ወገን ከሰው ቁመት የማያልፍ ተክል ይበቃል፤ ጽጌረዳ ወይም ሬት ሊኾን ይችላል። ሬት ብዙ ውሃ ሳይፈልግ የሚያምር አበባ ስለሚያወጣ ለደረቅ አገር ይመረጣል። ይህም ቢኾን ከምሰሶው እግር ራቅ ብሎ ነው፤ ሠራተኛ መሰላል ይዞ የሚቀርብበት ስፍራ ክፍት ይኹን።

ከመትከል በፊት ግን መጥረግ ይቀድማል። በምሰሶ ሥር ቆሻሻ ጥሎ በዚያው ማቃጠል የእንጨቱን እግር ይበላዋል። ምሰሶውን ወጥሮ በያዘው ሽቦ ላይ አህያ ማሰርም ሽቦውን ያላላና ምሰሶውን ያዘነብለዋል። ከትራንስፎርመር በታች ጉልት የዘረጋችውን ሴት ሽማግሌዎች ሲያስነሡ፥ በቍጣ ሳይኾን ሌላ ጥላ ያለው ስፍራ ሰጥተው ይኹን፤ እንጀራዋ ነውና።

መምህራንም ተማሪዎችን ከሩቅ አቁመው፥ ያዘነበለውን ምሰሶና የረገበውን ሽቦ ያስቈጥሩ፤ ዝርዝሩንም አስጽፈው በሽማግሌዎች ፊርማ ለመብራት ኃይል መሥሪያ ቤት ይላኩ። የወደቀ ሽቦ ያየ ልጅ ኤሌክትሪክ የለውም ብሎ እንዳይቀርብ፥ ሮጦም ለታላላቆች እንዲነግር አስቀድሞ ይማር። ተማሪዎች መጥረጊያና ዶማ ይዘው ወደ በሩ የሚወጡት፥ የረገበው ሽቦ በባለሙያ ከተጠገነ በኋላ ነው።