«ሌላ ኩባንያ» ያተማቸው የድሮ ፊልም ፖስተሮች፦ ከግርጌው የሚጀመር ንባብ

መግቢያ

የድሮ ነገር መሰብሰብ ሲባል ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ቴምብርና ሳንቲም ነው። የፊልም ፖስተር ግን ሳምንት ሁለት ሳምንት ተለጥፎ ተቀዶ የሚጣል ወረቀት ስለሆነ ማን ያስቀምጠዋል እንላለን። ብርቅ የሚያደርገውም ይኸው መጣሉ ነው። የ1927ቱ የጀርመን ፊልም «ሜትሮፖሊስ» አንድ ፖስተር በ2005 በ690 ሺህ ዶላር ተሽጧል። የ1931ዱ «ድራኩላ» ፖስተር ደግሞ በ2017 በአሜሪካ ጨረታ 525,800 ዶላር አውጥቷል። (በጽሑፉ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚህ አጭር ጽሑፍ የማነሳው ግን እነዚህን ውድ ፖስተሮች አይደለም። ትልልቆቹ ስቱዲዮዎች ሳያሳትሟቸው፣ በአሜሪካ ትንንሽ ከተሞች ግድግዳና መስኮት ላይ የዋሉትን ነው። ሰብሳቢዎች «የሌላ ኩባንያ» ፖስተር ይሏቸዋል። ለጋዜጠኝነት ተማሪ ከዋጋቸው ይልቅ የሚናገሩት ነገር ይበልጣል ባይ ነኝ።

ፖስተሩ የማን ነበር?

አንድ ነገር በቅድሚያ እንያዝ። በዚያን ጊዜ ሲኒማ ቤቱ ፖስተሩን አብዛኛውን ጊዜ ይከራየው ነበር እንጂ የራሱ አያደርገውም። ፊልሙ ታይቶ ሲያበቃ ወረቀቱ ከፊልሙ ጋር ይመለስና ለሚቀጥለው ሲኒማ ቤት ይሄዳል። አንድ ፖስተር በየከተማው እየዞረ፣ ጥጉ በመርፌ እየተበሳ፣ እጥፋቱ እየሳሳ ያልቃል ማለት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የታተመ ፖስተር ጥቂት ብቻ የተረፈው አንድም በዚህ ምክንያት ነው። በጦርነቱ ጊዜ አሮጌ ወረቀት ተሰብስቦ እንደገና ይፈጭ ስለነበር የቀረውም በዚያው ሄዷል።

በ1920 የፊልም ማስተዋወቂያ ቅንጭብ ለማዘጋጀት የተቋቋመው ናሽናል ስክሪን ሰርቪስ ከ1940 ገደማ ጀምሮ የስቱዲዮዎቹን ፖስተር ማከፋፈሉን በእጁ አደረገ። እስከ 1980ዎቹ አጋማሽም በዚህ ሥራ ቆየ። ከዚያ በፊት በየከተማው ፖስተር ገዝተው የሚያከራዩ ነጋዴዎች ነበሩ። አሁን ግን ወረቀቱ የሚገኘው ከአንድ በር ሆነ።

«ሌላ ኩባንያ» ስንል

ይህ በር ሁሉንም አላስተናገደም። በየሁለት በየሦስት ቀኑ ፊልም የሚቀያይር የገጠር ሲኒማ ቤት ርካሽና ቶሎ የሚደርስ ወረቀት ይፈልጋል። ይህን ክፍተት የሞሉት ሌሎች ማተሚያ ቤቶች ናቸው። በኦክላሆማ ሲቲ ሊደር ፕሬስ፣ በሰሜን ካሮላይና ቤንሰን ከተማ ቤንተን ካርድ ኩባንያ ይጠቀሳሉ። በናሽቪል በ1879 የተመሠረተው ሃች ሾው ፕሪንትም ከሰርከስና ከሙዚቃ ትርዒት ጎን ለጎን ለሲኒማ ቤቶች አትሟል።

የስቱዲዮው ዋና ፖስተር 27 በ41 ኢንች (68 በ104 ሳንቲ ሜትር ገደማ) ነው። ጥሩ ሠዓሊ ሥሎት በብዙ ቀለም ይታተማል። የሌሎቹ ሥራ ቀለል ይላል። ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ቀለም፣ የተዋናዩ ፎቶግራፍ፣ ትልልቅ የእንጨት ፊደል፣ በቃ። በጣም የተለመደው የመስኮት ካርድ የሚባለው 14 በ22 ኢንች የሆነ ወፍራም ወረቀት ነው። ከላይ ባዶ ቦታ ይተውለታል፤ እዚያ ላይ የሲኒማ ቤቱ ስምና ፊልሙ የሚታይበት ቀን ይታተማል። ከዚያ በፀጉር ቤቱ፣ በሱቁና በምግብ ቤቱ መስኮት ይቆማል።

ምን ማለት መሰላችሁ? የስቱዲዮው ፖስተር ፊልሙ እንዴት እንዲታይ እንደተፈለገ ይነግረናል። የመስኮት ካርዱ ግን ፊልሙ የት ከተማ፣ በየትኛው ቀን፣ የማን ስም ጎልቶ እንደታየ ይነግረናል። የመጀመሪያው ማስታወቂያ ብቻ ነው። ሁለተኛው ማስታወቂያም ነው፣ ዜናም ነው።

እስከ ፍርድ ቤት የደረሰው ጉዳይ

የአንድ በር ጉዳይ ያለ ክርክር አላለፈም። በ1942 የፊላዴልፊያ ፖስተር አከራዮች ናሽናል ስክሪንንና ሦስት የፊልም አምራቾችን በብቸኛ ንግድ ከሰሱ። በ1943 ጉዳዩ በስምምነት ተዘጋ፤ አከራዮቹም ፖስተሩን ከናሽናል ስክሪን የሚያገኙበት ውል ተፈረመ። በ1949 ግን ተመልሰው ከሰሱ። ወረቀቱ ሆን ተብሎ እየዘገየብንና እየተቆራረጠብን ነው፣ ሌሎች አምስት አምራቾችም ለዚሁ ድርጅት ብቸኛ ፈቃድ ሰጥተዋል አሉ። የሥር ፍርድ ቤቶች «ነገሩ አንዴ አልቋል» ብለው መለሷቸው። በ1955 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ሽሮ፣ የቀድሞው ስምምነት ከዚያ በኋላ ለተፈጸመው ድርጊት ክስ እንዳይቀርብ አያግድም ሲል ወሰነ።

እንግዲህ ክርክሩ ስለ ወረቀት ይመስላል። ሥሩ ግን ማስታወቂያ የማድረስ መብት በስንት ሰው እጅ ይሁን የሚል ነው። በየትኛውም ዘመን የእኛ የሙያ ጥያቄ ነው።

እንዴት ይለያል?

ጀማሪ ሰብሳቢ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ሥዕሉን ነው። ልምድ ያለው ግርጌውን ያያል።

1ኛ/ ቁጥሩ፦ በናሽናል ስክሪን በኩል ያለፈ ፖስተር ግርጌ ላይ ዓመቱና ተራ ቁጥሩ ይጻፋል። ለምሳሌ 52/310 ቢል የ1952 ፊልም ነው ማለት ነው። ከፊቱ አር የሚል ፊደል ካለ ፊልሙ ዳግም ለእይታ ሲወጣ የታተመ ነው። ቁጥር የለውም ማለት ግን የግድ ሐሰተኛ ነው ማለት አይደለም። ከ1940 በፊት ታትሞ ሊሆን ይችላል፣ የሌላ ኩባንያ ሥራም ሊሆን ይችላል። በተቃራኒው ቁጥር ስላለው ብቻ እውነተኛ አይሆንም፤ የሚቀዳ ሰው ቁጥሩንም ይቀዳዋልና።

2ኛ/ መጠኑ፦ በመታሰቢያ ሱቅ የሚሸጡ ቅጂዎች ብዙ ጊዜ 24 በ36 ኢንች ናቸው። ይህ ለድሮው የሲኒማ ቤት ፖስተር የተለመደ ልክ አይደለም።

3ኛ/ ቀለሙ፦ በአጉሊ መነጽር ሲታይ የድንጋይ ሊቶግራፊ ቀለም እንደ እርሳስ ጥላ የተበተነ ነው። በኦፍሴት የታተመ ፎቶግራፍ ረድፍ የያዙ ነጠብጣቦች አሉት። በእንጨት ፊደል የታተመ ጽሑፍ ደግሞ ወረቀቱን ሲጫነው በጣት ይታወቃል።

4ኛ/ እጥፋቱ፦ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ዋናው ፖስተር በአብዛኛው ታጥፎ ነበር የሚላከው። የመስኮት ካርድ ግን ወፍራም ስለሆነ አይታጠፍም።

5ኛ/ የማተሚያ ቤቱ ስም፦ በኅዳጉ ላይ በጥቃቅን ፊደል ይገኛል። ክፈፍ ውስጥ እንዲገባ ብሎ ኅዳጉን የሚቆርጥ ሰው የወረቀቱን መታወቂያ ቆርጦ ጣለ ማለት ነው።

የተገኘውን ለማቆየትም ፕላስተር አለመለጠፍ፣ ከፀሐይ ማራቅ፣ አሲድ በሌለው ወረቀት መካከል ማስቀመጥ ይበቃል። የቀደደውን ባለሙያ ይጠግነው።

ማጠቃለያ

የሌላ ኩባንያ ፖስተሮች ብዙ ጊዜ ከስቱዲዮዎቹ በርካሽ ይሸጣሉ። ከአንዳንዶቹ የቀረው አንድ ሁለት ቅጂ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ዋጋው ግን ፈላጊን እንጂ ብርቅነትን ብቻ አይከተልም። ችግሩ ርካሽ የተባለ ነገር ቶሎ መጣሉ ነው። እሱ ከተጣለ ደግሞ የሲኒማ ታሪክ በስቱዲዮዎቹ አንደበት ብቻ የተነገረ ታሪክ ይሆናል። የከተማው ሲኒማ ቤት፣ የፊደል ለቃሚው፣ የፖስተር አከራዩ ድምፅ አይሰማም።

እኛም ጋዜጣ ስናነብ ከፊት ገጹ ርዕስ ወዲያ «በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ድርጅት ታተመ» የምትለውን የግርጌ መስመር ስንቶቻችን እናያለን? ማን አሳተመው፣ ማን አተመው፣ ማን አከፋፈለው የሚሉትን ሦስት ጥያቄዎች ለማንኛውም ወረቀት ብናቀርብ፣ ከግድግዳ ላይ ከተላጠ ማስታወቂያም ቢሆን ዘገባ ይወጣል።