የእንግሊዝኛ መምህር ከበይነ መረብ የድምፅ ትምህርት የሚያዘጋጅበት አሠራር

በሀገራችን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ የትምህርት ዓይነት የሚሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም የሌሎቹ ትምህርቶች ማስተማሪያ ልሳን የሆነ ቋንቋ ሲሆን፣ ብዙው ተማሪ ግን ከመምህሩ አንደበት በቀር የቋንቋውን ድምፅ የሚሰማበት ስፍራ እምብዛም የለውም። በይነ መረብ ይህን ጉድለት ለመሙላት የሚበቃ ሀብት አለው፤ ነገር ግን ከሀብቱ ብዛት የተነሣ መምህሩ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዘዋወር ጊዜው ያልፋል፣ ደቀ መዝሙሩም ብዙ ጀምሮ አንዱንም ሳይፈጽም ይቀራል። ስለዚህ እዚህ የሚገለጸው አሠራር አንድ አጭር ድምፅ ከነጽሑፉ ይዞ ሳምንቱን ሙሉ በእርሱ ላይ መትጋት ነው፤ በትምህርት ቤቱ በይነ መረብ ባይኖርም ይሠራል።

የመጀመሪያው ተግባር ምንጩን መምረጥ ነው። ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል፣ እንዲሁም ጆሮአቸው ገና ላልተለማመደ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች፣ የአሜሪካ ድምፅ ራዲዮ ለቋንቋ ተማሪዎች ያዘጋጀውና በድረ ገጹ የተከማቸው ትምህርት ይስማማል። ይህ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ1959 ሲጀመር ቃላቱን በ1,500 ገደማ ወስኖ፣ ዐረፍተ ነገሩን አሳጥሮ፣ ንባቡንም ከተለመደው ፍጥነት ወደ ሁለት ሦስተኛ ዝቅ አድርጎ ስለ ነበር፣ ያ ልማድ በኋለኞቹ ዝግጅቶችም ይታያል፤ በጽሑፉ ግርጌም የከበዱት ቃላት ከነፍቻቸው ተዘርዝረው ይገኛሉ። ከፍ ላሉት ክፍሎች የቢቢሲ ‹ሲክስ ሚኒት ኢንግሊሽ› መልካም ነው፤ ሁለት ተናጋሪዎች በአንድ ጥያቄ ጀምረው መልሱን በመጨረሻ ስለሚሰጡ፣ ተማሪው እስከ ፍጻሜው በጉጉት ያዳምጣል። የብሪቲሽ ካውንስል ድረ ገጽ ደግሞ ትምህርቱን በአውሮፓው የቋንቋ ችሎታ መለኪያ ከፋፍሎ ስለሚያቀርብ፣ የክፍሉን ደረጃ መወሰን ላስቸገረው መምህር መነሻ ይሆነዋል። የጉተንበርግ ፕሮጀክት የድሮ መጻሕፍትን በጽሑፍ፣ ሊብሪቮክስም በበጎ ፈቃደኞች ንባብ በነፃ ያቀርባሉ፤ ሆኖም የብዙዎቹ ቋንቋ ያረጀ ስለሆነ ለጀማሪ አልመክራቸውም።

ከዚህ በኋላ መምህሩ የበይነ መረብ አገልግሎት ወዳለበት ስፍራ በሄደ ጊዜ ድምፁንና ጽሑፉን አብሮ አውርዶ፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ስም ሰጥቶ በስልኩ ወይም በሚሞሪ ካርድ ያስቀምጥ። የድረ ገጹን የአጠቃቀም ደንብም ያንብብ፤ በነፃ የሚገኝ ሁሉ ሊባዛና ሊሸጥ የተፈቀደ አይደለምና።

ሦስተኛው ዝግጅት ነው፤ እንደ እኔ አስተያየት የሥራው ሁሉ መሠረት ይህ ነው። መምህሩ አስቀድሞ ጽሑፉን ሳያይ ድምፁን ያዳምጥ፤ ቀጥሎም ከጽሑፉ ጋር ያስተያየው። የቢቢሲው ጽሑፍ ቃል በቃል የተገለበጠ አለመሆኑን ራሱ አዘጋጁ ስለሚያስታውቅ፣ ለቃል ጽሕፈት የሚመረጠውን ክፍል ከድምፁ ጋር አስማምቶ ማረም ያስፈልጋል። ከዚያም ስምንት ያህል ቃላት መርጦ፣ እንደ ካምብሪጅ ባለው ድምፅ በሚያሰማ መዝገበ ቃላት አነባበባቸውን ያጥና፤ አንድ ቃል ለተማሪው የሚጠቅም መሆኑን ሲጠራጠርም ኦክስፎርድ 3000 በሚባለው የዋና ዋና ቃላት ዝርዝር ውስጥ መኖሩን ይመልከት። በተለይ የድምፅ ጫናው የሚያርፍበትን ስፍራ በእርሳስ ምልክት ያድርግበት። የንባብ ቤት ሊቃውንት በግእዝ ተነሽንና ወዳቂን፣ ሰያፍንና ተጣይን ለይተው ሲያስተምሩ እንደ ኖሩ፣ በእንግሊዝኛም ‹ፎቶግራፍ› በመጀመሪያው፣ ‹ፎቶግራፈር› በሁለተኛው፣ ‹ፎቶግራፊክ› በሦስተኛው ክፍል እንደሚጫኑ ተማሪው ካልተነገረው በራሱ አያገኘውም።

ወደ ክፍል ሲገባ አንድ ጥያቄ በሰሌዳ ላይ ጽፎ፣ ማንም ብዕር ሳይዝ ድምፁን እስከ ፍጻሜው በትንሽ ድምፅ ማጉያ ያሰማ። በማግስቱ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ክፍል መርጦ በየሐረጉ እያቆመ ሦስት ጊዜ ያሰማቸውና የሰሙትን ይጻፉ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ጽሕፈታቸውን ካስተያዩ በኋላ እውነተኛው ጽሑፍ ይገለጽላቸው። እዚህ ላይ አይቸኩል። ስሕተቱ ጆሮ ያልያዘውን ድምፅ ይጠቁማልና፤ ‹ዎክት› የተባለውን ‹ዎክ› ብሎ የጻፈ ተማሪ ያለፈውን ጊዜ የሚያመለክተውን የመጨረሻ ድምፅ አልሰማም ማለት ነው፤ ‹ስትሪት›ን ‹እስትሪት› ብሎ የሚያነብም ተነባቢዎች ተከታትለው የሚመጡበትን መነሻ ገና አልለመደም። መምህሩ የተደጋገሙትን ስሕተቶች መዝግቦ የሚቀጥለውን ድምፅ ሲመርጥ ይመልከታቸው። በሦስተኛው ቀን ተማሪዎቹ ጽሑፉን ይዘው ከተናጋሪው ጋር እኩል ያንብቡ፤ ክፍሉ የብዙ ተማሪዎች ከሆነ በየረድፉ ተራ ይግባ።

ስልክ ያላቸው ድምፁን በብሉቱዝ ወይም በቴሌግራም ተቀብለው ቤታቸው ይስሙ፤ የራሳቸውንም ንባብ በዚያው ስልክ ቀድተው ከተናጋሪው ጋር ያስተያዩ። ስልክ የሌለው ተማሪ ካለው ጋር ይጣመር፤ ይህንን ማደላደል የመምህሩ ግዴታ ነው። ማንበብ ለሚወዱ ደግሞ ኪዊክስ የሚባለው መተግበሪያ በቀላል እንግሊዝኛ የተጻፈውን ዊኪፔዲያ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ በይነ መረብ ያስነብባል። የትርጉም መተግበሪያ የሚጠቀም ተማሪ ጽሑፉን አንድ ጊዜ በራሱ አንብቦ፣ ያልገባውን አስምሮ ከጨረሰ በኋላ ብቻ ይክፈተው።

በሳምንቱ መጨረሻ መምህሩ የድምፁን አርእስት፣ የሠራበትን ክፍልና የተደጋገሙትን ስሕተቶች በአንድ ደብተር አስፍሮ፣ ፋይሎቹን ለትምህርት ክፍሉ ባልደረቦች በካርድ ያስተላልፍ፤ በሚቀጥለው ዓመት ያንኑ ክፍል የሚረከበው መምህር ሥራውን ከዚያ ይቀጥላል።