ስጋት የያዘው ቦታ፦ ስሜት፣ የሥራ ትውስታና የጅግጅጋ አካባቢ ተፈናቃይ ተማሪዎች ምዘና

በመስከረም 2010 ዓ.ም. በኦሮሚያና በሶማሌ ክልሎች አዋሳኝ አካባቢዎች የተባባሰው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቀያቸው አፈናቀለ፤ ብዙዎቹም ከጅግጅጋ በስተምዕራብ በሚገኘው የቆሎጂ መጠለያ ሰፈሩ። ሐምሌ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ደግሞ በራሷ በጅግጅጋ በተቀሰቀሰው ሁከት ሰዎች ተገደሉ፤ ሱቆችና አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ይህን ያሳለፈ ልጅ በትምህርቱ ዝቅተኛ ውጤት ሲያመጣ ችሎታው እንዳነሰ ሊቆጠር ይችላል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህን አተረጓጎም ቀደም ካሉ ጥናቶች አንጻር መመርመር ነው።

የሥራ ትውስታ መረጃን ለአፍታ ይዞ በዚያው ቅጽበት የምናሰላበትና የምናመዛዝንበት የአእምሮ ሥርዓት ነው። ባድሊና ሂች እ.ኤ.አ. በ1974 ባቀረቡት ሞዴል የድምፅ መያዣ፣ የምስል መያዣና ሁለቱን የሚመራ ማዕከላዊ ተቆጣጣሪ አለው። ካዋን በ2001 እንዳመለከተው፣ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አራት ያህል ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ስጋት ከዚህ ጠባብ ቦታ ጥቂቱን ቢወስድ እንኳ ለትምህርቱ የሚተርፈው ያንሳል።

አይዘንክና ባልደረቦቹ በ2007 እንዳብራሩት፣ ጭንቀት ትኩረትን ከተያዘው ሥራ ወደ አስጊው ነገር ይስባል። ጉዳቱም ከመልሱ ትክክለኛነት ይልቅ በቅልጥፍናው ላይ ይበረታል፤ ተማሪው በትክክል ቢመልስም ብዙ ጊዜና ድካም ይጠይቀዋል። አርንስተን በ2009 እንዳሳየችው ደግሞ፣ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ ውጥረት ዶፓሚንና ኖርአድሬናሊንን በማብዛት የፊተኛውን የአንጎል ክፍል ሥራ ያዳክማል።

ይህ በምዘና ላይ የሚኖረው ትርጉም ግልጽ ነው። ቁጥሮችን በተነገሩበት ቅደም ተከተል መድገም በአመዛኙ የድምፅ መያዣውን ይጠይቃል፤ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው መድገም ግን ተቆጣጣሪውንም ያሠራል። በመጀመሪያው ደህና ሆኖ በሁለተኛው የሚደናቀፍ ልጅ ሲያጋጥም፣ ስለ ችሎታው ከመፍረድ በፊት ስለ እንቅልፉና ስለ ስጋቱ መጠየቅ ይገባል። የፈተናው ቋንቋም ራሱን የቻለ ተጽዕኖ አለው። ኤሊስና ሄኔሊ በ1980 እንዳሳዩት፣ የቁጥር ስሞች ለመጥራት ረዘም ያለ ጊዜ ሲወስዱ የሚታወሱት ቁጥሮች ያንሳሉ። ስለዚህ በሶማሊኛና በአማርኛ የተገኙ ውጤቶች ሳይስተካከሉ መነጻጸር የለባቸውም።

ራሚሬዝና ባይሎክ በ2011 እንዳረጋገጡት፣ ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ያህል ስለ ፈተናው ስጋታቸውን የጻፉ ተማሪዎች ውጤታቸው ተሻሽሏል። ነገር ግን የፈተና ፍርሃትና የመፈናቀል ሐዘን አንድ አይደሉም፤ ያለ ባለሙያ ድጋፍ ልጅን ስለ ደረሰበት ጉዳት ማጻፍ ቁስሉን ሊያመረቅዝ ይችላል።

በአጠቃላይ፣ በአንድ ቀን የተገኘ ዝቅተኛ ውጤት በዚያን ቀን የቀረውን ቦታ እንጂ የልጁን አቅም አይለካም። ስለሆነም ምዘናው በተለያየ ጊዜ ሊደገም፣ የፈጀው ጊዜም ከውጤቱ ጋር ሊመዘገብ ይገባል፤ የክፍል ምደባም በአንድ ፈተና ብቻ ሊወሰን አይገባም።