የልጆቻችን የትምህርት ቤት ውሎ

ልጅ ጧት ከቤቱ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት በሄደ ጊዜ ከወላጆቹ ዓይን ተለይቶ የቀኑን ታላቅ ክፍል በሌሎች ዘንድ ይውላል። በዚያም የሚወዳቸውና የሚፈራቸው ሰዎች፥ የሚደሰትባቸውና የሚያዝንባቸው ነገሮች አሉት። ማታ ሲመለስ ግን አባት «ስንት አመጣህ? ስንተኛ ወጣህ?» ይለዋል፤ እናትም «ልብስህን ማን አቆሸሸው?» ትለዋለች። ልጁም በአንድ ቃል መልሶ ዝም ይላል። ወላጆቹም ልጃችን ጨዋ ነው ብለው ደስ ይላቸዋል።

እኛ ግን ዝምታ ሁሉ ጨዋነት አይደለም እንላለን። ልጅ በታላላቆች ፊት ቃሉን ቈጥቦ እንዲናገር ማስለመድ መልካም የአገራችን ሥርዓት ነው፤ አክብሮትን ያስተምራልና። ነገር ግን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እያልን ንግግሩን ሁሉ የናቅንበት እንደ ሆነ፥ የሚያከብረንን ሳይሆን የሚፈራንን ልጅ እናሳድጋለን። እንዲህ ያለው ልጅ በመንገድ የሚደበድበው ጓደኛ ቢኖር፥ ወይም አንድ ታላቅ ሰው የማይገባ ነገር ቢያደርግበት፥ ጥፋቱ በእርሱ ላይ የሚመለስ እየመሰለው ይሸሽጋል። ወላጅም ነገሩን ከሰው ሁሉ በኋላ ይሰማል።

ጌታችን 12 ዓመት በሆነው ጊዜ በኢየሩሳሌም እንደ ቀረ፥ እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍም ፈልገው ከሦስት ቀን በኋላ በመምህራን መካከል ተቀምጦ እንዳገኙት ቅዱስ ሉቃስ በወንጌሉ ምዕራፍ 2 ጽፎልናል። የአምላክን ቃል ከልጆቻችን ጨዋታ ጋር ለማስተካከል አንደፍርም፤ የእናትን ጠባይ ግን ከእመቤታችን እንማራለን። ጭንቀቷን አልሸሸገችም፤ ሆኖም ጠይቃ መልሱን ሰማች። መልሱም ያን ጊዜ ባይገለጥላቸው እንኳ ንቃ አልተወችውም፤ በልቧ አኖረችው እንጂ። ከእኛ መካከል ልጁ የተናገረውን በልቡ የሚያኖር ስንቱ ነው? ብዙዎቻችን በማግሥቱ ቡና ሲጠጣ ለጎረቤት እያወራን እንስቅበታለን፤ ልጁም በጓዳ ሆኖ ይሰማል። ከዚያ ወዲያ ምን ይነግረናል?

አጠያየቃችንም ሊለወጥ ይገባዋል። ከደጅ ሳይገባ እንደ ዳኛ አንመርምረው፤ ጫማውን ያውልቅ፥ እህል ይቅመስ። ከዚያ በኋላ እናት ምስር ስትለቅም አጠገቧ ተቀምጦ፥ ወይም ከአባቱ ጋር ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በመንገድ፥ «በዕረፍት ከማን ጋር ተጫወትህ? መምህሩ ካስተማሩት ያልገባህ ምንድር ነው?» ቢባል፥ ቀስ በቀስ አፉን ይፈታል። ፊደል ያልቈጠረች እናትም አትፈር፤ «እስቲ የተማርኸውን ለእኔም አስረዳኝ» ብትለው ልጁ የሚናገረው አያጣም። በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ ወገኖቻችን ደግሞ ልጁ ውሎውን በዚያ አገር ቋንቋ ቢጀምር፥ አማርኛውን ከማረም በፊት ነገሩን ይስሙለት።

ረቡዕና ዓርብ ምሳ ዕቃው ሳይነካ ቢመለስ፥ ወይም ጾመኛው ልጅ ከጓደኛው ሥጋ ቀምሶ ቢገኝ፥ ቁጣን አናስቀድም። ምናልባት ጓደኞቹ በምግቡ አፊዘውበት ይሆናል፤ ምናልባትም ለምን እንደሚጾም ሲጠይቁት የሚመልሰው አጥቶ ይሆናል። ይህን ከነገረን ምክንያቱን ልናስተምረው እንችላለን፤ የተገረፈ እንደ ሆነ ግን በሚመጣው ዓርብ ምሳ ዕቃውን ባዶ አድርጎ ማምጣትን ብቻ ይማራል።

የንስሐ አባቶችም ወደ ልጆቻቸው ቤት ሲገቡ ሕፃኑን ጸሎት አስደግመው፥ መስቀል አሳልመው ብቻ አይመለሱ። አጠገባቸው አስቀምጠው ውሎውን ቢጠይቁት፥ አባቱም ሊያቋርጠው ሲል «ይጨርስ፥ ተወው» ቢሉ መልካም ነው።