የትምባሆ ቁጥጥርና የገንዘብ ርዳታ

ብድር ከነወለዱ ይመለሳል፤ ርዳታ ግን ለተወሰነ ሥራ ተሰጥቶ ሒሳቡ ይጠየቅበታል እንጂ አይመለስም። ለዚህ ምሳሌ የምትሆነን ኡራጓይ ናት። ይህች አነስተኛ አገር የጤና ማስጠንቀቂያ የሲጋራውን ፓኮ 80 በመቶ እንዲሸፍን በማዘዟ፣ ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 በዓለም አቀፍ የግልግል ዳኝነት ከሰሳት። ለጠበቆቹ ወጪ የብሉምበርግ የበጎ አድራጎት ድርጅት ርዳታ ሰጠ። በ2016 ፍርዱ ለኡራጓይ ሆነ፤ ኩባንያውም 7 ሚሊዮን ዶላር ኪሣራ እንዲከፍላት ተወሰነበት። ርዳታ ለአነስተኛ አገር ሕግ ጠበቃ ሊያቆምለት እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በአገራችንም በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ማስጠንቀቂያው ከፓኮው ፊትና ጀርባ ቢያንስ 70 በመቶ እንዲይዝ፣ 21 ዓመት ላልሞላውም ሰው ትምባሆ እንዳይሸጥ ደንግጓል። ስለዚህ ነጋዴው ዕቃውን ከመረከቡ በፊት ፓኮውን አገላብጦ ቢመለከት ራሱን ከቅጣት፣ ገንዘቡንም ከኪሣራ ያድናል።