የድረ ገጽ መጠባበቂያ ቅጂ፦ ለምን፣ እንዴትና የት?

አንድ ድረ ገጽ በኮምፒዩተር ላይ ሲታይ አንድ ወጥ ነገር ይመስላል። በአስተናጋጁ ድርጅት ሰርቨር ውስጥ ግን ብዙውን ጊዜ በሁለት ተከፍሎ ይቀመጣል። አንደኛው ክፍል ፋይሎቹ ሲሆኑ ምስሎችንና ገጹን የሚያንቀሳቅሱ ፕሮግራሞችን ይይዛሉ። ሁለተኛው ዳታቤዙ ነው፤ ጽሑፎች፣ የተጠቃሚዎች ስምና በየዕለቱ የሚመዘገቡ መረጃዎች የሚገኙት በዚህ ውስጥ ነው። ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢቀዳ ድረ ገጹን እንደነበረ መመለስ አይቻልም።

መረጃ በምን ይጠፋል?

ዲስክ ያረጃል፤ ሰው በስህተት ይሰርዛል፤ ሰርጎ ገብ ያበላሻል፤ እሳትና ጎርፍም አለ። አስተናጋጅ ድርጅቶች አንድን መረጃ በሁለት ዲስኮች ላይ በአንድ ጊዜ መጻፋቸው የተለመደ ነው። ይህ ዘዴ አንዱ ዲስክ ሲበላሽ ሥራው እንዳይቋረጥ ይረዳል እንጂ መጠባበቂያ ቅጂ አይደለም፤ ከአንዱ የተሰረዘ ፋይል በዚያው ቅጽበት ከሌላውም ይሰረዛልና። መጠባበቂያ ቅጂ፣ በተለምዶ ባክአፕ የምንለው፣ ዋናው ሲለወጥ አብሮ የማይለወጥ ቅጂ ነው።

በየስንት ጊዜው ይወሰድ?

በሁለት ቅጂዎች መካከል ያለው ጊዜ ልናጣ የምንችለውን የሥራ መጠን ይወስናል። ሰኞ ጠዋት ብቻ የሚቀዳ ድረ ገጽ እሑድ ማታ ቢበላሽ የሰባት ቀን ያህል ሥራ ይጠፋል። በሌላ በኩል አዘውትሮ መቅዳት ቦታ ይፈጃል። ለምሳሌ የድረ ገጹ መጠን 10 ጊጋባይት፣ በቀን የሚለወጠው ደግሞ 0.2 ጊጋባይት ነው እንበል። በየቀኑ ሙሉውን ብንቀዳ በሳምንት 70 ጊጋባይት ያስፈልገናል። አንድ ቀን ሙሉውን፣ በቀሩት ስድስት ቀናት የተለወጠውን ብቻ ብንቀዳ ግን 10 + (6 × 0.2) = 11.2 ጊጋባይት ይበቃል። ይሁን እንጂ የአንዱ ቀን ቅጂ ቢበላሽ ከእርሱ በኋላ ያሉት በትክክል ላይመለሱ ይችላሉ። ስለዚህ ሙሉው ቅጂ በየጊዜው ሊታደስ ይገባል።

የት ይቀመጥ?

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2021 በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ከተማ በሚገኘው የኦቪኤች ኩባንያ የሰርቨር ማዕከል እሳት ተነሣ። አንድ ሕንጻ ሙሉ በሙሉ ሲወድም የሌላው ከፊል ተቃጠለ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ድረ ገጾችም ተቋረጡ። በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ቅጂያቸው በሌላ ስፍራ የነበረ ደንበኞች ሥራቸውን መመለስ ቻሉ፤ ቅጂያቸው ከዋናው ጋር በአንድ ሕንጻ ውስጥ የነበረ ግን ሁለቱንም በአንድ ሌሊት አጡ።

ቅጂው ይሠራልን?

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2017 በጊትላብ ኩባንያ አንድ ባለሙያ በስህተት የዋናውን ዳታቤዝ ፋይሎች ሰረዘ። ወደ 300 ጊጋባይት ከሚጠጋው መረጃ የቀረው 4.5 ጊጋባይት ያህል ብቻ ነበር። በየዕለቱ ይወሰዳል ተብሎ የታመነበት ቅጂ ሲፈለግ አልተገኘም። የመቅጃው ፕሮግራም እትም ከዳታቤዙ እትም ጋር ባለመጣጣሙ ሥራው ሲከሽፍ የቆየ ሲሆን የማስጠንቀቂያ መልእክቶቹም ለሠራተኞቹ አልደረሱም። ኩባንያውን ያዳነው ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት ለሌላ ሥራ በእጅ የተወሰደ ቅጂ ነበር። የእነዚያ ስድስት ሰዓታት ሥራ ግን ከዳታቤዙ ጠፍቶ ቀረ።

ከሁለቱ አደጋዎች የምንማረው፣ ቅጂ አለ ብሎ ማመንና ቅጂ መኖሩ የተለያዩ መሆናቸውን ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ሦስት ቅጂ እንዲኖር፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ላይ እንዲያዝ፣ ቢያንስ አንዱም ከዋናው ርቆ እንዲቀመጥ ይመክራሉ። የድረ ገጽ ባለቤትም አስተናጋጁን በየስንት ጊዜው እንደሚቀዳ፣ የት እንደሚያስቀምጥና ለስንት ቀን እንደሚያቆይ ሊጠይቅ፣ አንዱን ቅጂ በራሱ እጅ ሊይዝ ይገባል። ከዚህም በላይ በየጊዜው ቅጂውን በሌላ ኮምፒዩተር ላይ መልሶ ሊሞክረው ያስፈልጋል። ተመልሶ ያልታየ ቅጂ ገና ቅጂ አልሆነምና።